በብልቃጥ የሚሸጠውን የኮሶ ዱቄት አትግዙ

ሰሞኑን የኮሶ ትል ታይቶኝ በቴሌግራም አንድ ብልቃጥ የኮሶ ዱቄት አዘዝኩ። 700 ብር። ሻጩ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም፣ ሆድ ያጸዳል፣ ቦርጭም ያጠፋል» አለኝ። ቦርጭ ሲል መንቃት ነበረብኝ።

ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ቅጠል ነው። የኮሶ መድኃኒቱ ግን አበባው ነው፤ ያውም የሴቴው ዛፍ፣ ቀላ ያለው። መቼ እንደተለቀመ፣ ማን እንዳዘጋጀው፣ ምን ያህል እንደሚወሰድ አንድም ቃል አልተጻፈበትም። እናቴ አሸተተችና «ይሄ ከርሟል» አለች። ደውዬ መጠኑን ስጠይቅ «ሁለት የሾርባ ማንኪያ በጥብጠህ ጠጣ፣ ካልሠራ ድገመው» ተባልኩ።

ያስፈራኝ ይሄ «ድገመው» ነው።

ኮሶን አላጣጥልም። በባዶ ሆድ ሲጠጣ ትሉን ያስወጣል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድረስ ተልኮ መድኃኒት ቤት ይሸጥ ነበር። ነገር ግን ትሉን የሚያሽመደምደው ንጥረ ነገር ጠጪውንም አይምርም። ሲበዛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ አቅም ያሳጣል። ከዚያም ካለፈ የዓይን ነርቭ ይጎዳል። የታወሩ አሉ፣ የሞቱም አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ጭራሽ ልትቀምሰው አይገባም፤ ሊያስወርዳት ይችላል። የድሮ ሰው ቢያንስ አበባውን አይቶ፣ ነክቶ ነበር የሚለካው። ዱቄት ከሆነ በኋላ ሴቴውን ከወንዴው፣ አዲሱን ከከረመው ማን ይለየዋል? የዛሬው ብልቃጥ ደካማ ሆኖ «ድገመው» ብትባሉ፣ የሚቀጥለው ኃይለኛ ሊሆን ይችላል።

ትሉ ተቆራርጦ ስለወጣ ዳንኩ ማለትም አይቻልም። ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ከቀረ በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ መልሶ ያድጋል። ያኔ ሌላ ብልቃጥ ትገዛላችሁ። ለሻጩ ጥሩ ቢዝነስ ነው!

እኔ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሰገራ ተመርምሬ በኪሎዬ ልክ ፕራዚኳንቴል የሚባል የትል መድኃኒት ታዘዘልኝ። አንድ ጊዜ ዋጥኩ፣ አለቀ። ፊት ማጨፍገግ የለ፣ ሽንት ቤት መመላለስ የለ።

ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ለሻጩ ጻፍኩለት። አንብቦ ብሎክ አደረገኝ።

ዱቄቱን ቀድማችሁ የጠጣችሁ ካላችሁ፣ ማስመለሱ አልቆም ካለ ወይም ዓይናችሁ ብዥ ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ። ብልቃጡን ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ፤ ሐኪሙ ምን እንደጠጣችሁ ይይ።