የነገው አየር፦ ከሰማዩ ወይስ ከስልኩ?

ድሬዳዋ ላይ በሙቀቱ ወራት ግቢ ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ የሚተኛ ሰው ሰማዩን ሳይወድ በግድ ያያል። እኔም ከነዚያ አንዱ ነኝ። ጎኔ ስልክ አለ፣ አናቴ ላይ ኮከብ። የቱን ልመን?

ለሙቀት ስልኩ ይሻላል። ነገ ቀን ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ኮከብ አይነግርህም። ሰማዩ የሚያውቀው ንጋቱን ነው። ደመና ከሌለ መሬቱ የቀን ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ሌሊቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ደመና ከሸፈነው ግን አንሶላ እንኳ ይከብዳል።

ጨረቃ በቀለበት ስትከበብ ጎረቤቴ "አቦ፣ ነገ ዝናብ ነው!" ይላል። ቀለበቱ የሚመጣው ከፍ ብሎ በተዘረጋ ስስ ደመና ውስጥ ካሉ የበረዶ ቅንጣቶች ነው። በቀዝቃዛዎቹ አገሮች ብዙ ጊዜ ዝናብ ይከተለዋል። እዚህ ግን ደመናው ብቻውን መጥቶ ብቻውን ሊሄድ ይችላል፤ በጎረቤቴ አልወራረድም። የኮከብ መርገብገብም የአየሩን መናወጥ እንጂ ዝናብን አያሳይም።

ሰማዩ ስልኩን የሚያስከነዳው በመብረቅ ነው። ስልኬ የሚተነብየው ለከተማዋ ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነውን የደቻቱን ወንዝ የሚሞላው ግን ደንገጎ በኩል ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ነው። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። እና በደቡብ በኩል፣ ከተራራው ጀርባ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ ስልኩ "ጥርት ያለ ሰማይ" ቢልም እዚያ ወንዝ አሸዋ ላይ መኪና አላሳድርም።