«እዚህ አይዋኝም» ላሉን እናት

ይህ ምስጋና ዘግይቷል። ሳልጽፈው ብቀር ግን ይቆጨኛል።

ህዳር ላይ ከባለቤቴና ከዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ጋር ሲሼልስ፣ ላ ዲግ ደሴት ላይ አንድ ሳምንት አሳልፈን ነበር። ከዋናዋ ደሴት ከማሄ በጀልባ ፕራስሊን የምትባለው ደሴት ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ከዚያ ወደ ላ ዲግ ደግሞ ሌላ ሩብ ሰዓት። ደሴቷ ብትሰፋ 10 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነች። መኪና ከስንት አንዴ ነው የሚታየው፤ ሰው ሁሉ በብስክሌት ነው። የተከራየነው ቪላ ከበረንዳው ስትወርዱ እግራችሁ አሸዋ ይረግጣል። ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል እንጂ ሌላው ሁሉ ያማረ ነው። እኔ ማውራት የፈለግኩት ግን ቪላውን ስለሚያስተዳድሩት እናት ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ አልጠራውም።

ሰው ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ የሚጠብቀው «እሺ» መባልን ነው። እሳቸው በመጀመሪያው ጠዋት «አይሆንም» አሉን።

ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት «የትኛውም ዳርቻ ለልጅ ይመቻል» ብሎን ስለነበር፣ ፎጣችንን ይዘን ወደ ግራንድ አንስ ልንወጣ ነው። «ሂዱና እዩት፣ ውኃው ውስጥ ግን እንዳትገቡ» አሉ። ባለቤቴ ቅር አለው። ይህን ሲያዩ ብስክሌታቸውን አወጡና አብረውን መጡ።

ዳርቻው ላይ ቆመው በጣታቸው አሳዩን። ግራና ቀኝ ማዕበሉ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ይሰበራል። መሃል ላይ ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ መስመር አለ። እኔ ብሆን ልጄን የማስገባት እዚያ ነበር። ለካ አደገኛው እሱ ኖሯል! ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውኃ ወደ ባሕሩ የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው፣ ሰውንም ይዞ ይሄዳል። «ከወሰዳችሁ ወደ ዳር አትታገሉት፣ ትደክማላችሁ። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፤ ከመስመሩ ስትወጡ ነው ወደ ዳር የምትመለሱት» አሉን። ልጄ ይህን በቃሏ ይዛዋለች።

ከዚያ ወደ አንስ ሱርስ ዳርዣን ላኩን፣ የምንሄድበትን ሰዓት ሳይቀር ነግረው። እዚያ ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት የድንጋይ ግንብ ማዕበሉን ከሩቅ ይሰብረዋል። ባሕሩ ሲሸሽ ውኃው ከጉልበት አያልፍም፤ ሲመለስ ለመዋኘት ይበቃል። በእነዚያ ግዙፍ የግራናይት ድንጋዮች መሃል ልጄ ቀኑን ሙሉ ስትንቦጫረቅ እኔ አንዴም ልቤ አልደነገጠም። ለእናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ከቪላው ፊት ለፊት አንዲት የባሕር ኤሊ ወጣች። ሐውክስቢል የሚባለው ዝርያ ነው፣ ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዱ። በሌሎች አገሮች አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው እንቁላል የሚጥሉት፤ ሲሼልስ ውስጥ ግን በቀን ይወጣሉ። ልጄ ልትሮጥ ስትል እሳቸው ትከሻዋን ያዙ። «ቁጭ በይ። ከፊቷ አትሂጂ፣ ካየችሽ ሳትጥል ትመለሳለች።» ከኋላዋ ራቅ ብለን አሸዋው ላይ ተቀመጥን። በኋላ እግሮቿ ተራ በተራ አሸዋውን እንደ ጭልፋ ጨለፈችው። ዓይኗ እንባ ያቀርራል፤ ከሰውነቷ የምታስወጣው ጨው ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ማናችንም አልተናገርንም።

በዚያው ምሽት ወደ ባሕሩ የሚያበራውን የበረንዳ መብራት ሁሉ አጠፉብን። ከእንቁላል የሚወጡት ትንንሾች በሌሊት ወደ ባሕሩ የሚሄዱት ብርሃኑን ተከትለው ስለሆነ፣ አምፖል ካዩ ወደ ቤት ይዞራሉ። እራታችንን በጨረቃ በላን። ቅር ያለው የለም፣ ባለቤቴም ጭምር።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ክፉ አይንካዎት። ልጄን እንደ ልጅዎ ነው የያዟት።

ወደ ላ ዲግ የምትሄዱ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ በተለይ።

እንቁላሉ ለመፈልፈል ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ፎቶ ላኩልን፣ ምንም ጽሑፍ የለውም። ማለዳ ነው፤ አሸዋው ላይ ክር የሚያካክሉ ብዙ ዱካዎች አሉ፣ ሁሉም ወደ ውኃው።