ለጥገና የላክሁት የኮማንዶ ጩቤ፣ አፎቱ ዳነ ስለቱ ሞተ

የድሮ የጦር ጩቤና ሳንጃ እናድሳለን የሚል አንድ የጥገና ቤት ጩቤዬን ከመለሰልኝ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ንዴቴ ይብረድልኝ ብዬ ነው እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁት። ስማቸውን አልጠራም፣ ግን ጩቤ የምትሰበስቡ ሰዎች እንዲህ አይነት ቦታ ከመላካችሁ በፊት ይሄን ብታነቡት ደስ ይለኛል።

የላክሁት ፌርበርን ሳይክስ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ፌርበርንና ሳይክስ ሻንጋይ ፖሊስ ውስጥ የሠሩ እንግሊዞች ናቸው፣ እነሱ ያወጡትን የጩቤ ዲዛይን ዊልኪንሰን ሶርድ የሚባለው የእንግሊዝ ሰይፍ ሠሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1941 ለእንግሊዝ ኮማንዶዎች መሥራት ጀመረ፣ የመጀመሪያው ሞዴል የእጅ መከታው እንደ ኤስ ፊደል የተጠማዘዘ ነው፣ በ1942 የመጣው ሁለተኛው ቀጥ ያለ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ እጀታው ዙሪያ ቀለበት ቀለበት አለው። የኔ ሁለተኛው ነው። የቆዳ አፎቱ ስፌት ከታች ተተርትሮ ነበር፣ እጀታውም ትንሽ ይነቃነቃል። በጽሁፍ ነው ያዘዝኳቸው፣ አፎቱን ስፉልኝ፣ እጀታው ሳይፈታ የማይጠብቅ ከሆነ ተዉት፣ ስለቱን ግን እንዳትነኩት ብዬ።

አፎቱ ላይ እውነቱን ልናገር፣ እጃቸው ይባረክ። አዲስ ቀዳዳ አልበሱም፣ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ተከትለው ነው የሰፉት፣ ክሩም ውፍረቱ ሳይነካ ከቀረው ስፌት ጋር አንድ ነው፣ የላላውን ላስቲክ አልቀየሩም፣ ሱሪ ላይ እንዲሰፋ ተብለው የተሠሩትን አራት የቆዳ ጆሮዎችም አልነኩም (እነሱ ብዙ ጊዜ ተቆርጠው ነው የሚገኙት፣ ሙሉ ሲሆኑ በጣም ይፈለጋሉ)። እንዲህ ያለ ጥገና ዋጋ አይቀንስም፣ ነገ አንዱ ደስ ካላለው ክሩን መተርተር ይችላል፣ ቆዳው እንደሆነ ያው ቆዳ ነው።

ከዛ ስለቱን መዘዝኩት፣ ፊቴን አየሁበት።

ያ ሰማንያ ዓመት የተጠራቀመ ግራጫ ወዝ፣ መከታው ስር ቀርቶ የነበረው የፋብሪካው ጥቁር ቀለም፣ ሁሉም በፖሊሽ ማሽን ተጠርጓል። መሃል ለመሃል እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይወርድ የነበረው መስመር ልሙጥ ሆኗል፣ በጣት ሲዳሰስ አይቆረቁርም። ጫፉ ትንሽ ቆልመም ያለ ነበር፣ እሱንም ሞርደው አሹለውታል፣ ከመላኬ በፊት ለክቼው ስለነበር ድጋሚ ስለካው 4 ሚሊሜትር አጥሯል።

ከሁሉም ያበገነኝ ግን ዳዶው ነው። እጀታውን ከላይ የሚያስረው ትንሽዬ ዳዶ ማለቴ ነው፣ ጩቤው ተፈቶ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚናገረው እሱ ስለሆነ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ካልተነካ መጋጠሚያው ውስጥ የደረቀ የድሮ እድፍ ይኖራል፣ ጎኑም ንጹህ ነው። የኔን በማጉሊያ ሳየው የፒንሳ ጥርስ ሁለት ቦታ ነክሶታል፣ ንክሻውን በሞረድ ለማጥፋት ሞክረው ላዩን ጥቁር ቀብተውታል፣ መጋጠሚያው ደግሞ እንደታጠበ ሰሃን ጠርቷል። አሁን ማንም ሰው እጀታው ከሌላ ጩቤ የመጣ አይደለም ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ማስረጃ የለኝም። አልፈርድበትም፣ ምክንያቱም ኦሪጅናል ክፍሎችን ከሦስት ከአራት ጩቤ ለቃቅሞ አንድ አድርጎ የሚሸጥ ሞልቷል፣ እያንዳንዱ ክፍል እውነተኛ ነው፣ ጩቤው ግን ፎርጅድ ነው።

ስደውልላቸው ሰውየው በትህትና ነው ያናገረኝ፣ «ሲጸዳ ዋጋው ይጨምራል ብለን እኮ ነው» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው፣ እሱ ነው የሚያሳዝነው። ባለፈው ዓመት ሊገዛኝ ጠይቆኝ የነበረ ሰብሳቢ አሁን ሲያየው ከዛን ጊዜው ከግማሽ በታች ነው የጠራው፣ እኔም ብሆን ከዛ በላይ አልሰጥበትም። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሩ ራሱ የሳለው ወይ የጠገነው ቢሆን እኮ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ የጩቤው ታሪክ ነው፣ የዛሬ ፖሊሽ ግን ታሪኩን ነው የሚልጠው። ይሄ የእንግሊዝ ጩቤ ላይ ብቻ አይደለም፣ በጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ የተሠሩ ጩቤዎች ስለታቸው ላይ ያለው ቀጭን የፋብሪካ ጭረት አንዴ በማሽን ከጠፋ አይመለስም፣ ኤም 3 የሚባለው የአሜሪካ የጦር ጩቤ እጀታም የተደረደሩት የቆዳ ቀለበቶች በአዲስ ከተቀየሩ ያስታውቃል።

የስለቱን ሥራ ሂሳብ መልሰውልኛል፣ ሳይከራከሩ። ቆዳ ከሆነ ድጋሚ እልክላቸዋለሁ፣ ብረት ግን አልሰጣቸውም። የምትልኩ ካላችሁ ዳዶውንና ጫፉን ከቅርብ ፎቶ አንሱ፣ ርዝመቱን ለኩ፣ አትንኩ ያላችሁትን ጽፋችሁ አስፈርሙ። እኔ የበፊቱን ፎቶዎች ከጩቤው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ፣ የምሸጠው ቀን ከመጣ ገዢው ሁለቱንም አይቶ ነው የሚወስነው።