የደሴው የወፍ ቤት፦ እንጨቱ ጥሩ ነው፣ ቀዳዳው ግን ጠብ ያመጣል

ደሴ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት የወፍ ቤት እየሠራ ይሸጣል። እኔ ሐይቅ ከተማ ባለው ግቢዬ ሰቅዬ በልጉን ሙሉ ሳየው ስለከረምኩ፣ ለመግዛት ለምታስቡ የምለው አለኝ። ባጭሩ ግዙ። የቀዳዳውን ልክ ግን ራሳችሁ ወስኑ፣ ለአናጢው አትተዉት።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን ልናገር። ጣውላው ወፍራምና በደንብ የደረቀ ነው፣ በዝናብ አልተጣመመም። ቺፑድ ቢሆን ኖሮ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ይፈራርስ ነበር። ውስጡ ቀለም አልተቀባም፣ አልተላገም፤ ይሄ ትክክል ነው፣ ጫጩቶቹ ሻካራውን እንጨት በጥፍራቸው እየቧጠጡ ነው የሚወጡት። ወለሉ ላይ ውሃ የሚወርድባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። አንዱ ጎኑ በማጠፊያ ይከፈታል፣ ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ አሮጌውን ሣር ከነቅንቅኑ ጠርጎ ለመጣል ይመቻል። ዋጋውም ከአንድ ኪሎ ሥጋ አይበልጥም።

ነገሩ ያለው መግቢያው ላይ ነው። ሁሉም ቤት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ አንድ ዓይነት ቀዳዳ ነው የሚበሱት። ለየትኛው ወፍ ነው ብዬ ስጠይቅ አናጢው "አብሽር ወንድሜ፣ ለሁሉም ይሆናል፣ ወፍ ቤት ካገኘ ምን ይመርጣል" አለኝ። ሥራውን የሚወድ ደግ ሰው ነው። እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ለሁሉም የሚሆን ቀዳዳ ጉልበተኛው ነው የሚወስደው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ጣል ጣል ማለት ሲጀምር ቀድመው የገቡት ድንቢጦች ናቸው። ወንዱ ጣራው ላይ ሆኖ ሲንጫጫ፣ ሴቷ ሣርና የዶሮ ላባ ስታመላልስ ሰነበቱ። ከዚያ ያቺ ሰማያዊ የምታብረቀርቀው ባለ ቢጫ ዓይን ወፍ ከነጓደኛዋ መጣች። ድንቢጦቹ ዞር ሲሉላት ጠብቃ ጭንቅላቷን ታስገባና ሣሩን አንድ በአንድ እየመዘዘች ወደ መሬት ትለቀዋለች። ያን ሁሉ የለፉበትን! ወንዱ ድንቢጥ ደርሶ ላባውን ነፍቶ፣ ክንፉን እያንቀጠቀጠ ቀዳዳው አፍ ላይ ተገተረ፤ እሷ ግን በቁመትም በክብደትም ትበልጠዋለች፣ እግሩን በጥፍሯ ይዛ ጎተተችውና ተያይዘው ጌሾው ሥር ወደቁ። ተነሥቶ ተመለሰ፣ እንደገና ጣለችው። አረንጓዴዎቹ ትንንሽ በቀቀኖችም፣ እነዚያ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር የማይገኙት፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው፣ አንድ ጠዋት መጥተው ቀዳዳውን አይተው ሄዱ።

ይሄን ያህል የሚፋለሙት ወደው አይደለም። እነዚህ ወፎች ራሳቸው እንጨት መፈልፈል አይችሉም። ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ የተወውን፣ ወይም የአሮጌ ዛፍ ቅርንጫፍ ተሰብሮ የበሰበሰበትን ጎድጓዳ ነው የሚፈልጉት። ዋንዛና ወይራ በሚያረጁበት ቦታ እንዲህ ያለ ጎድጓዳ አይጠፋም። አሁን ግን ዞር ብላችሁ ስታዩ ኮረብታው ባሕር ዛፍ ነው፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ገና ቀጭን ሳለ ለማገርና ለአጣና ስለሚቆረጥ ጎድጓዳ የሚያወጣበት ዕድሜ ላይ አይደርስም። ያረጀ ዛፍ በብዛት የምታገኙት ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ግቢ ወይም መቃብር ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ ባዶ ሣጥን ስትሰቅሉ ሰፈሩ ሁሉ ይሻማበታል።

ሰሜን አሜሪካም ይሄው ችግር ገጥሟቸዋል። በ1890 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 60 ገደማ ስታርሊንግ የሚባሉ የአውሮፓ ወፎች ተለቀቁ። እነሱም፣ ከዚያ ቀደም ብሎ የተወሰደው የአውሮፓ ድንቢጥም፣ ብሉበርድ የምትባለውን የአገሩን ወፍ ከየጎድጓዳው ማስወጣት ያዙ። ሰዎቹ ያደረጉት ቀላል ነው፣ የወፍ ቤቱን ቀዳዳ ወደ 38 ሚሊ ሜትር አጠበቡት። ብሉበርድ ትገባበታለች፣ ስታርሊንግ ግን አያልፍበትም። ድንቢጥን ይሄም አይከለክለው። የእኛዋ ባለ ቢጫ ዓይንም ከስታርሊንግ ወገን ናት፤ ልዩነቱ እሷ የዚሁ አገር ወፍ ናት፣ እንደ ጠላት ልናያት አይገባም፣ እሷም ቤት አጥታ ነው።

ስለዚህ ሣጥኑን ይዤ ተመለስኩ። አናጢው ሳያንገራግር ከፊቱ ሌላ ጣውላ ደርቦ በ32 ሚሊ ሜትር በሳልኝ፣ የጠየቀኝም የጣውላዋን ሒሳብ ብቻ ነው። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ባለ 5 ሳንቲ ሜትሩን ደግሞ ሁለተኛ ገዝቼ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ባለ ቢጫ ዓይኗ እዚያ ገባች። ድንቢጦቹ ጠባቡን ይዘው ጫጩት አወጡ፣ ትልቋ መጥታ ጭንቅላቷን ብትሞክር አልገባ አላት። በቀቀኖቹ ግን አልተመለሱም።

ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛው ከቀዳዳው በታች የምትለጠፈው መቆሚያ እንጨት ናት። ለውበት ይላሉ፣ ግን ባለቤቶቹ አያስፈልጋቸውም፣ የምትጠቅመው ለወራሪው ነው፣ ቆሞ እንዲያጠቃ። በመጋዝ ቆርጬ ጣልኳት። ሁለተኛው ጣራው ነው፤ ባዶ ቆርቆሮ ስለሆነ ቀትር ላይ እጅ ያቃጥላል፣ ውስጥ ላለ ጫጩት ደግሞ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ከሥሩ ጣውላ እንዲገባበት እዘዙ፣ ከጣራው በታችም አየር ማስወጫ ያስፈልገዋል። ይሄን ሳያስተካክሉ ከ5 ኮከብ 4 ነው የምሰጠው።

ደግሞ ከሐይቁ ዳር ሣር እየሸመኑ ለሚሠሩት ቢጫ ወፎች ብላችሁ አትግዙ። ሻጮቹ ለእነሱም ይሆናል ይላሉ፣ አይሆንም። እነሱ የሚጣሉት በቅርንጫፍ ጫፍና በሣር ነው፣ አንዱ የሌላውን ጎጆ እየመዘዘ ይሰርቃል፣ ሣጥን ውስጥ ግን አይገቡም።

ስታዝዙ ስልክ ላይ "የወፍ ቤት" ብላችሁ አትዝጉት። ለድንቢጥ 32፣ ለትልቋ 45 ወይም 50 ሚሊ ሜትር፣ መቆሚያ የሌለው፣ ጣራው ጣውላ ያለው በሉ። ከየካቲት በፊት ካዘዛችሁ ለበልግ ይደርሳል። ከደሴ ውጭ ላላችሁ በሚኒባስ ይልኩታል፣ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከረዳቱ ትቀበላላችሁ፤ የእኔ ሁለቱም ሳይሰነጠቁ ነው የደረሱት።