ድምፅ ወይስ ፊርማ?
የአሜሪካ እንስሳት ተሟጋቾች ለምክር ቤት አባላት ነጥብ ሲሰጡ ሁለት ነገር ያያሉ፦ የሰጡትን ድምፅና በአቅራቢነት የፈረሙበትን ረቂቅ ሕግ።

ድምፅ አይካድም። በ2019 እ.ኤ.አ. የትርዒት ፈረሶችን እግር ሆን ብሎ ማቁሰልን ለማስቆም የወጣው ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት 333 ለ96 ሲያልፍ የእያንዳንዱ አባል አቋም በስም ተመዘገበ። ታዲያ በዚያው ዓመት በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ከባድ ጭካኔን የፌዴራል ወንጀል ያደረገው ሕግ በሁለቱም ምክር ቤቶች ያለ ስም ቆጠራ ጸደቀ። ድምፅ ብቻ የሚቆጥር ሰው ምን ሊጽፍ ነው? እዚህ ላይ ፊርማ ያድናል።

ፊርማ ግን ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋጋ አያስከፍልም። የፈረሶቹ ረቂቅ በሴኔት በርካታ ፈራሚዎች ነበሩት፤ ለድምፅ ግን ሳይቀርብ ቀረ። ስለዚህ መዝጋቢው እኔ ብሆን ለአንድ አከራካሪ ድምፅ የብዙ ፊርማ ነጥብ እሰጥ ነበር።