ጋዙ ሳይሆን ገለፈቱ

የወተት ማከፋፈያዬ ጅማ ውስጥ ከአንድ የቡና መቀሸሪያ ጀርባ ነው። ከገበሬ የምረከበውን ወተት ቺለሩ (የወተት ማቀዝቀዣው) ወደ 4 ዲግሪ ማውረድ አለበት። ቡና መቀሸር ከተጀመረ ወዲህ ግን እኩለ ቀን ሲሆን እየጠፋ አስቸገረኝ። የካቲት ላይ ሙቀቱ ሲጨመርበትማ ወተቱ 9 ዲግሪ ላይ ተገትሮ ቀረ፤ ደንበኞቼም «ስናፈላው ተቆራረጠ» እያሉ ይመልሱልኝ ጀመር።

መጀመሪያ የጠራሁት ባለሙያ፣ ስሙ ይቅር፣ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ «ጋዝ ጎድሏል» ብሎ ሞላ፤ ሦስቴም አስከፈለኝ። እኔ ደግሞ ቺለሩ የሚያቀዘቅዝበት ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር! ካልፈሰሰ በቀር እንደማይጎድል የነገረኝ እዚሁ ጅማ ከመርካቶ ወረድ ብሎ ያለው የትንሿ ጥገና ቤት ባለቤት ነው።

ይህ ሰው መሣሪያውን ሳያወጣ ውጭ ያለውን ኮንደንሰር (ሙቀት ማስወጫውን) በጣቱ ዳበሰና አሳየኝ። ከቡና መቀሸሪያው የሚወጣው የገለፈት ብናኝ በስስ ቆርቆሮ ክንፎቹ መካከል እንደ ጋቢ ተደርቧል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ የጋዙ ግፊት ያሻቅባል፤ መቆጣጠሪያውም ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) እንዳይቃጠል ያጠፋዋል። ጋዝ ያለ ልክ ሲሞላ ግፊቱ ይብሳል፤ ለካ ገንዘቤን የከፈልኩት ለበሽታው ማባባሻ ኖሯል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያው ማራገቢያ እዚህ የሚያስወጣው ሙቀት ባሕር ጠለል አጠገብ ከሚያስወጣው ያንሳል አለኝ። እኔ እንኳን ልምላሜዋን አይቼ ሙቀት አያሠጋንም ብዬ ነበር።

ትርፉን ጋዝ ወደ ሲሊንደር መለሰ። መብራት አጥፍቶ ኮንደንሰሩን ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ በውሃ አጠበ፤ ውሃው በኃይል ከተለቀቀ ክንፎቹ ይተኛሉ። በዚያው ቀን ማታ ወተቱ 4 ዲግሪ ገባ። መብራት መጥቶ ሲሄድ ከሦስቱ የመብራት መስመሮች (ፌዝ) አንዱ ቢጎድል ሞተሩን የሚያቋርጥ መከላከያም አዘዘልኝ። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ 11 ቀን ፈጀ፤ ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ያሳለፍኩት «ነገ ይደርሳል» ስባል ነው። በዚህ ተናድጃለሁ፤ ዋጋው ግን ለሦስቱ የጋዝ ሙሊት ከከፈልኩት ያነሰ ነበር።

ግድግዳው ላይ ደብተር አንጠልጥሎልኝ ሄዷል፤ ጠዋትና ማታ ዲግሪውን እጽፋለሁ። ኮንደንሰሩን በየዓርቡ የማጥበው ራሴ ነኝ። እናንተም ከጠራችሁት፣ «ጠዋት እመጣለሁ» ሲላችሁ ከሰዓት በኋላ ጠብቁት።