መጀመሪያ ለለካው የሬቲፊካ ባለሙያ

የቮልስ 1600 ሞተር ክራንክ ሻፍት (የፒስተኖቹን ምት ወደ ዙር የሚለውጠውን ዘንግ) ሬቲፊካ ላደረገልን፣ ማለትም ያለቀ ገጹን ሞርዶ ላስተካከለልን ባለሙያ እጅህ ይባረክ ማለት እንፈልጋለን። አሮጌ ሞተር ለማስከፈት ያሰባችሁም እንዲህ ዓይነቱን ሰው ፈልጉ።

ብዙ ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይውረድ?» (ምን ያህል ይሞረድ?) ነው። እሱ ግን ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት የዘይት መንገዶቹን አጥቦ እያንዳንዱን ጆርናል፣ ማለትም ብሮንዚን በሚባለው ስስ የብረት ማቀፊያ ውስጥ የሚዞረውን የዘንጉን ክብ ክፍል፣ በሁለቱ ዳሮችና በመሐሉ ለካ፤ በየቦታውም ማይክሮሜትሩን ሩብ ዙር እያዞረ ደገመው። የሦስተኛው ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ጆርናል በአንድ በኩል 54.93፣ በሌላው 54.89 ሚሊ ሜትር ሆነ። ክብነቱን በ0.04 አጥቷል ማለት ነው፤ የሚፈቀደው 0.03 ነው። አንዴ ብቻ ለክቶ 54.93ን ያየ ሰው «ብሮንዚን ቀይሩና ግጠሙ» ብሎ ይሸኛችሁ ነበር።

ቀጥሎ በማግኔትና በብረት ዱቄት ስንጥቅ ፈለገ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከጆርናሉ ጥግና ከዘይት ቀዳዳው ከንፈር ነው፤ የተሰነጠቀ ክራንክ ሻፍት ላይ ሬቲፊካ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው። ሲጨርስ ማግኔቱን አጠፋለት። ይህን የሚረሳ ሞልቷል፤ ከዚያ ክራንክ ሻፍቱ የብረት ብናኝ እየሰበሰበ አዲሱን ብሮንዚን ይበላዋል።

አራቱም የቢዬላ ጆርናሎች በ0.25 ሚሊ ሜትር ወረዱ። ዋናዎቹ፣ ክራንክ ሻፍቱ በሞተሩ ቤት የሚያርፍባቸው ጆርናሎች፣ ጤነኛ ስለነበሩ ፖሊሽ ብቻ አደረጋቸው፤ ቢያወርዳቸው የበለጠ ያስከፍል ነበር፣ አላደረገም። ጥጉ ላይ ያለውን ክብ ራዲየስም ጠብቆታል። ስለት ሆኖ ከቀረ ክራንክ ሻፍቱ እዚያው ይሰበራል፤ ከልኩ ከሰፋ ደግሞ ብሮንዚኑ በጠርዙ ይቀመጥበታል። የዘይት ቀዳዳዎቹን ከንፈርም አለሰለሰ።

በጣም የወደድንለት አሮጌዎቹን ብሮንዚኖች ማንበቡ ነው። የአንዱ ቢዬላ የላይኛው ግማሽ በግራ ጠርዙ፣ የታችኛው በቀኝ ጠርዙ መዳቡ ወጥቶ ነበር። ቢዬላው ጠሟል፤ ሳይቃና ቢገጠም አዲሱም በዚያው መንገድ ያልቃል።

ከዚያ «የሞተሩን ቤት አምጡ» አለ። የቮልስ ቤት ማግኒዥየም ነው፤ የመሐለኛው ዋና ብሮንዚን መቀመጫ እየተደበደበ ይሰፋል። ክራንክ ሻፍቱ ምንም ያህል ቢያምር ብሮንዚኑ ቤቱ ውስጥ ከላላ ዘይቱ በጎን ይሸሻል፣ ሞተሩ ሲግል ግፊቱ ይወርዳል። ለክቶ ደህና ነው አለን። ቢሰፋ ኖሮ መቀመጫዎቹ በአንድ መስመር ተቦርቡረው ውጭው በ0.5 የወፈረ ብሮንዚን ይገባ ነበር።

የክራንክ ሻፍቱን የፊትና ኋላ ጨዋታም አሳይቶናል። የቮላኖውን (በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ የሚታሰረውን ከባድ ክብ ብረት) ዘይት መያዣ ጎማ ሳይከት ሁለት ሺም (ስስ የብረት ቀለበት) ብቻ አድርጎ ቮላኖውን አጠበቀ፤ ጨዋታውን የሚለካው ዳያል ጌጅ 0.44 አነበበ። የሚፈለገው ከ0.07 እስከ 0.13 ስለሆነ 0.10 ቀንሶ 0.34 ሺም ሦስተኛ አድርጎ ጨመረ። ሁልጊዜ ሦስት ነው፤ በአንድ ወፍራም ሺም አይተካም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ይዘገያል፣ ቢያስቸኩሉትም አይሰማም። ስትሄዱ ክራንክ ሻፍቱን ብቻ አትውሰዱ፤ ቢዬላዎቹን፣ ቮላኖውን፣ የሞተሩን ቤትና አሮጌ ብሮንዚኖቹን የየት እንደሆኑ ተጽፎባቸው አብራችሁ ውሰዱ። አዲስ ብሮንዚን የምትገዙት ልኩን በወረቀት ጽፎ ከሰጣችሁ በኋላ ነው።